ሐረጎን የሚወጣው የትኛው ነው? ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የቅንጦት አውቶሞቢል ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢ

ያረጀ የቅንጦት አውቶሞቢል በደላላ አንደበት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሐኪም እጅ ነው፣ ሞተሩ አልተነካም፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ በጥድፊያ ይሸጣል። ደሴ ፒያሳ ቆሞ ለሚያብረቀርቅ መርሴዲስም፣ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ለከረመ ሌክሰስም ይኸው ታሪክ ይነገራል። ዋጋው ደግሞ ያጓጓል። በቅጡ የተያዘ ኮሮላ በሚጠየቅበት ገንዘብ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ የቆዳ ወንበር ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ይገኛል። የረከሰው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ወጪ ሻጩ ከገዢው ቀድሞ አስቦበታል።

ገበያውን የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን የሚሸጡት እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ናቸው። ሻጭ «ከእንግዲህ የሚገባ የለም» እያለ ዋጋ ይይዛል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን መኪናው ሲያረጅ ተፈትቶ መለዋወጫ የሚሆነው ሌላ መኪናም ከእንግዲህ አይገባም።

መመዘኛዎቹ

የቆዳ ወንበር፣ የእንጨት ጌጥና የድምፅ ጥራት መመዘኛ ውስጥ አልገቡም፤ ከዚህ በታች ያሉት አራት መኪኖች (መርሴዲስ ዳብሊው 124 እና ዳብሊው 210፣ ቢ ኤም ደብሊው ኢ 39፣ ሌክሰስ ኢ ኤስ 300) ሁሉም አላቸው። እዚህ አካባቢ መኪና ከመኪና የሚለየው በሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ይወጣል። በደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ያንሳል፤ ሾፌሩም ለማካካስ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ይረግጣል። ውሃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአብዛኛው መኪና ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ወይም በውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን የሚታፈነው ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ካፈሰሰ፣ ቱቦው ከሰነጠቀ፣ ሜዳ ላይ ምንም ያልሆነ መኪና ሐረጎ አጋማሽ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል። ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ የመኪናው ዋጋ ሩብ ወይም ሲሶ ለአንድ ጥገና ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ከዚህም የባሰ አቀበት አለበት፤ ከሸዋሮቢት ቆላ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው መለዋወጫና የመካኒክ እጅ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ጋራዦች ቶዮታን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈታሉ። የአውሮፓ መኪና ሲሆን ግን ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ነው የሚመጣው። የተሳሳተ ቁጥር ያለው ዕቃ ከመጣ ደግሞ መልሶ መላክ ነው፤ መኪናው እስከዚያ ጋራዥ ውስጥ ይቆማል።

ሦስተኛው የመንገዱ ነገር ነው፦ ኮብልስቶን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከክረምት በኋላ የሚከፈት ጉድጓድ። ዝቅ ያለ መኪና ፓራውልቱን ይነጫል፤ የፊት እግር ጎሚኒዎች (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉት ጎማዎች) ቶሎ ያልቃሉ። አራተኛው ነዳጅ ነው። ፍሬን ለቁልቁለቱ ወሳኝ ቢሆንም አራቱም መኪኖች በአራቱም ጎማ ዲስክ ስላላቸው ልዩነቱ የሞዴሉ ሳይሆን የአያያዙ ነው።

ኪሎ ሜትሩን ራሱን መመዘኛ ያላደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ቁጥሩ ይቀየራል፤ በዲጂታል ሰሌዳ ላይ ደግሞ ለመቀየር ቀላል ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና የሚቆጥረው በማይል ስለሆነ 180,000 የሚለው 290,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ይህን የሚነግር ሻጭ ግን ጥቂት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን ወንበር የበር በኩል ጠርዝ ይመልከቱ። 120,000 የሚል መኪና ፔዳሉ ተልጦ ብረቱ ከታየ መልሱ እዚያው አለ።

መርሴዲስ ዳብሊው 124

እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 የተሠራው አራት ማዕዘን መልክ ያለው መርሴዲስ ነው። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ትልቁ ሽማግሌ እሱ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ግን ከአውሮፓውያኑ ሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ባለ አራት ሲሊንደር 200 እና 230 ሞተሮቹ ቀላል ናቸው፣ ሰፊ የሞተር ክፍል ስላላቸው እጅ ይገባል፣ ኮምፒውተር ሳይሰካ አብዛኛው ብልሽት በጆሮና በዓይን ይገኛል። የሙቀት መለኪያው ሐቀኛ ነው፤ አቀበት ላይ ሲሞቅ መርፌው ይወጣል፣ ሜዳ ሲደርስ ይመለሳል። ሾፌር ይህን ሲያይ መቆም ያለበትን ሰዓት ያውቃል።

ትልቁ ወጥመድ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ምርት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ገደማ ወዲህ በተሠሩት ላይ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ በሙቀት የሚበሰብስ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው ወደ ሞተሩ የሚገባውን ገመድ በጣት ቀስ አድርገው ያጥፉት፤ ልባሱ እንደ ደረቅ ቂጣ ከተፈረፈረ ገመዱ ያልተቀየረ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ ቢነሳም ነገ ያለ ምክንያት ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል፣ መካኒኩም ካንዴላ ሲቀይር ይከርማል። ገመዱ መቀየሩ በደረሰኝ ከተረጋገጠ ግን የኋለኞቹ ዓመታት ሞተር ከአሮጌው ይሻላል፤ በአሮጌው 230 ላይ ያለው የነዳጅ አረጫጨት ሲበላሽ የሚያስተካክለው እጅ እየጠፋ ነው።

ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ጥሩ ድምፅ አለው፤ የቫልቭ ጎማው ሲያረጅ ግን ዘይት ይጠጣል። በናፍጣ የሚሠራው 250 ብዙ ዕድሜ ያለው ሞተር ነው፤ ነዳጁም በሊትር 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ድረስ ያስኬዳል። ጉልበቱ ግን ከመቶ ፈረስ በታች ስለሆነ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ሐረጎን ሲወጣ ከኋላው አይሱዙ ጡሩምባ ይነፋበታል። ለማይቸኩል ሰው ችግር አይደለም።

መርሴዲስ ዳብሊው 210

ሞላላ አራት መብራት ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2002 የተሠራው ነው። ምቾቱ ከቀዳሚው ይበልጣል፤ ብረቱ ግን ያንሳል። ዝገት ዋና ጠላቱ ነው፤ በሩ ሥር፣ ጎማው ቅስት ላይ፣ የኋላ ሻንጣው ቁልፍ ዙሪያ ይጀምራል። እነዚህ መልክ ያበላሻሉ እንጂ አያስጨንቁም። የሚያስጨንቀው የፊት ሞላው ላይኛው ጫፍ የሚቀመጥበት፣ ከላሜራው ጋር የተበየደው ክፍል ነው። እሱ ከውስጥ ዝጎ ሲላቀቅ ሞላው ይዞት ይወጣል፣ የፊት ጎማው አካባቢ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ይህ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲሆን አያድርስ ነው። መኪናውን በክሪክ ሳያስነሡና ጎማውን ሳያስፈቱ፣ በመብራት ሳያዩ አይግዙ። ደማቅ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ የበለጠ ይጠርጥሩ፤ ስቱኮና ቀለም ዝገትን ይሸፍናሉ እንጂ አይበይዱም።

የአውቶማቲክ ካምቢዮው ጠንካራ ነው። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» የሚል ወሬ ስላለ ግን ብዙዎቹ ዘይታቸው ሳይቀየር ነው የከረሙት። ማርሽ ሲቀይር የሚመታ ወይም በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ የኤሌክትሪክ መሰኪያውና በውስጥ ያለው ሰሌዳ ነው፤ ሙሉ ካምቢዮ ከመለወጥ በፊት ይህን ማስመርመር ብዙ ብር ያድናል።

ቢ ኤም ደብሊው ኢ 39

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2003 የተሠራው «5 ሲሪስ» ነው። ለመንዳት ከአራቱ የሚስተካከለው የለም፤ ሐረጎን ሲወጣ ጉልበቱ የሚሰማው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 528 ወይም 530 ነው። ከገዢው ብዙ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ማቀዝቀዣው ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የራዲያተሩ አንገት፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ በብዙዎቹም የውሃ ፓምፑ መዘውር ሳይቀር ፕላስቲክ ናቸው፤ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይሰባበራሉ። የኋለኞቹ ሞተሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ከ95 ዲግሪ በላይ እንዲሞቁ የተደረጉ ስለሆኑ በደሴ ከፍታ ግፊት ያመለጠው ሥርዓት ወዲያው ይፈላል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ በጣም ከሞቀ ይጣመማል። ከሁሉ የሚያናድደኝ የሙቀት መለኪያው ነው፦ መርፌው ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ባለው ሰፊ ርቀት መሐል ላይ ዝም ብሎ እንዲቆም ነው የተሠራው። ሾፌሩ መርፌው ሲነቃነቅ ያየው ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ይህን መኪና የሚገዛ ሰው የማቀዝቀዣውን ዕቃ በሙሉ በአንድ ጊዜ መቀየሩን ደረሰኝ ማየት አለበት። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ፣ መኪናውንም ከመንዳቱ በፊት ያስቀይር።

ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት እግሩ ጎሚኒዎች አልቀዋል ማለት ነው። በኮብልስቶን መንገድ ይህ በየጊዜው የሚመለስ ወጪ ነው።

ሌክሰስ ኢ ኤስ 300

አጥንቱ ካምሪ ነው፤ ይህ ሁሉን ይናገራል። እግሩ፣ ፍሬኑ፣ ብዙው ዕቃው ከካምሪ ጋር ስለሚጋራ መለዋወጫ ማግኘት ከሌሎቹ ይቀላል፣ የደሴ መካኒክም አያፍርበትም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 የተሠራው ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ግን ዘይት ሲዘገይበት በውስጡ ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍተው በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ብረቱ ወርቃማ ወይም ቡናማ ከሆነ ጥሩ፣ ጥቁር ንጣፍ ከተጋገረበት ወደ ቀጣዩ መኪና ይሂዱ። ታይሚንግ ቺንጋው በየ145,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ መቼ እንደተቀየረ የማያውቅ ሻጭ ካጋጠመ ወጪው የገዢው ነው። ሞተሩ በጎን የተቀመጠ ስለሆነ የኋላዎቹን ሦስት ካንዴላዎች መፍታት የመካኒኩን ክንድ ይልጣል፤ አንዳንዱም የፊቶቹን ብቻ ቀይሮ የስድስቱን ሒሳብ ያስከፍላል። አሮጌዎቹን ስድስቱንም እጅዎ ላይ ይቁጠሩ።

መንዳቱ ያን ያህል አያስደስትም። የፊት ጎማ ይጎትታል፣ መሪው ለስላሳ ነው። ሰው ሁሉ ግን ለመደሰት አይገዛም።

ከእነዚህ በላይ ስለሚቀርቡት አንድ ነገር ብቻ፦ በአየር የሚቆም እግር ያላቸው ትልልቅ መርሴዲሶችና እ.ኤ.አ. እስከ 2006 የተሠሩት፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ዳብሊው 211 ለዚህ አካባቢ ገና ውድ ራስ ምታት ናቸው። ዋጋቸው የቱንም ያህል ቢወርድ ይለፏቸው።

| መመዘኛ | ዳብሊው 124 | ዳብሊው 210 | ኢ 39 | ኢ ኤስ 300 |
|---|---|---|---|---|
| አቀበት ላይ ሙቀት | ጥሩ፣ መለኪያው ሐቀኛ | ጥሩ | ዕቃው ካልታደሰ አደገኛ | ጥሩ |
| የሐረጎ ጉልበት | መካከለኛ፤ ናፍጣው ደካማ | ጥሩ | ከሁሉ የላቀ | ጥሩ |
| መለዋወጫ | በትዕዛዝ፣ ይገኛል | በትዕዛዝ | በትዕዛዝ፣ ውድ | በቀላሉ |
| የአካባቢው መካኒክ | ይችለዋል | በከፊል | ኮምፒውተር ያለው ብቻ | ይችለዋል |
| ዋና ሥጋት | የሞተር ገመድ | የፊት ሞላ ሥር ዝገት | ማቀዝቀዣ | የዘይት ዝቃጭ |
| ቤንዚን፣ በሊትር | 8–10 ኪ.ሜ. | 8–10 ኪ.ሜ. | 8–9 ኪ.ሜ. | 8–9 ኪ.ሜ. |

መኪናው የሚፈተነው በሐረጎ ነው

ከጋራዥ ምርመራ በፊት መንገዱ ራሱ ይፈትነው። ቀጠሮው ደሴ ላይ ጠዋት ይሁን፤ ሻጩ መኪናውን ሳያስነሣ እንዲጠብቅ ይንገሩት። ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ የሚደብቀው የጠዋት ጭስ ወይም የሞተሪኖ ችግር ሊኖር ይችላል። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ቀስ አድርገው ይክፈቱ። ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ገና ግፊት ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን እያስተላለፈ ነው ማለት ነው። በዘይት ክዳኑ ሥር ጥቂት ነጭ እርጥበት ቢታይ ብቻውን አያስፈርድም፤ በደሴ ብርድ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሁሉ ያሳየዋል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ እንዲይዘው ያድርጉ፤ በፍሬን ብቻ አይውረዱ። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ነዳጅ መስጫውን አንዴ ጫን ይበሉና ጓደኛዎ ከኋላ ይመልከት። በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ጎማ ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል። ሜዳ ላይ ይህን ማየት ከባድ ነው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ኤሲውን ከፍተው መኪናው ሳይጠፋ ሩብ ሰዓት ያህል ይቁም። የደሴ ሻጭ «እዚህ ብርድ አገር ኤሲ ምን ይሠራል» ይላል፤ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። የኤሲው መሥራት ብቻ ሳይሆን የራዲያተሩ ማራገቢያ መነሣቱም የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ አራት ሰው አሳፍረው፣ ኤሲው እንደተከፈተ ሐረጎን ይውጡ። አቀበቱን ጨርሰው ጢጣ ሲደርሱ አያጥፉት፤ ወርደው ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር፣ የጣፈጠ ሽታ፣ የካምቢዮ ማመንታት መኖሩን ይዩ። ቢ ኤም ደብሊው ከሆነ ይህን ጉዞ በሙሉ የሙቀቱን ዲግሪ በመመርመሪያ ኮምፒውተር እያነበቡ ይሂዱ፤ መርፌውን አይመኑ።

ሐረጎን በኤሲ ለመውጣት እሺ የማይል ሻጭ ካለ ምርመራው በዚያው ተጠናቀቀ።

ወረቀቱ

የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ራስዎ ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። የቅንጦት መኪና ብዙ ጊዜ በኤምባሲ ወይም ከውጭ በተመለሰ ሰው ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ ይሆናል፤ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ ከመዝገቡ ይጣራ። በውክልና ብቻ መግዛት በሰፊው የተለመደ ነው፣ ግን ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ገዢው ከወራሾች ጋር ነው የሚከራከረው። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ከሆነ ፋይሉን ወደ ክልሉ የማዛወሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ ይጻፍ።

ለማን የቱ

በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ፣ መኪናው ቢቆም ሥራው የሚቆም ሰው ሌክሰሱን ይውሰድ፤ ሞተሩ ንጹሕ የሆነውን እስኪያገኝ መታገሥ ግን አለበት። ገንዘቡ ጠበብ ያለና በወር ጥቂት ቀን ብቻ የሚነዳ ሰው ዳብሊው 124 ይበጀዋል፤ ሐይቅ ድረስ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ለእሱ ምንም አይደለም። ለሰርግ የሚያከራይም እሱን ወይም ዝገቱ የተጣራ ዳብሊው 210 ይምረጥ፤ ሙሽራ የምትፈልገው ከፊት ያለውን ኮከብ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው። ኢ 39 የሚገባው ሁለተኛ መኪና ላለውና መንዳት ለሚወድ ሰው ብቻ ነው። ያለውን ብር ሁሉ ለግዢው የሚያሟጥጥ ሰው ከአራቱም ይራቅ፤ ኮሮላው ይሻለዋል።

የትኛውም ቢገዛ ከያዙት ገንዘብ ሩቡ ለመጀመሪያው ዓመት ተቆጥሮ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ወር የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ፈሳሽ፣ የራዲያተር ክዳንና ቱቦዎች ይቀየሩ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ወጥቶ በትክክለኛው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይተካ። ለሌክሰሱ ቺንጋውንና የውሃ ፓምፑን በአንድ ላይ ማስቀየር ይጨመር፤ ሁለቱን ለመድረስ የሚፈታው አንድ ስለሆነ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አይከፈልም።